በመርከብ ኋላ ያለችው ታንኳ

ስለ መርከብ የተጻፉ የታሪክ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በትልቁ አካል፣ ማለትም በሸራው፣ በሞተሩ፣ በመሪውና በጭነቱ ላይ ነው። መርከቢቱ ከባሕር ዳር ርቃ መልሕቋን ስትጥል ሰውንና ስንቅን ወደ የብስ የምታመላልሰው፣ ተጨማሪ መልሕቅ ሲያስፈልግ ወስዳ የምትጥለው፣ መርከቢቱ የሰጠመች እንደሆነም የመጨረሻዋ መጠጊያ የምትሆነው ታናሽ ታንኳ ግን ከአንድ መስመር በላይ የሚጻፍላት እምብዛም ነው። ስለ እርስዋ ከሚነሡት ጥያቄዎች ሁሉ ደግሞ እጅግ ተራ መስሎ የሚታየው፣ በጉዞ ጊዜ የት ትቀመጥ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ይህንኑ ጥያቄ ነው። በዛሬው ዘመን በየወደቡ የሚቆሙትን የሸራና የሞተር ጀልባዎች የተመለከተ ሰው፣ ከብዙዎቹ ኋላ በአየር የተነፋች የጎማ ታንኳ ተንጠልጥላ ያያል። ልማዱ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ረጅም ክርክር ያለፈበት ነው። ታንኳይቱ ዘወትር አገልጋይ ናት፤ በክፉ ቀን ደግሞ አዳኝ ትሆናለች፤ ለአገልጋይዋ የሚመቸው ቦታ ግን ለአዳኟ የሚመች ሆኖ የሚገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ተለይቶ ካልተነገረ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህን ነገር ጥንታዊ ምስክር ለማግኘት የአገራችን አንባቢ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ እንደምናነበው፣ ቅዱስ ጳውሎስን እስረኛ ሆኖ ሳለ ወደ ኢጣልያ ይዛ ስትሄድ በማልታ ዳርቻ የተሰበረችው የእስክንድርያ መርከብ አንዲት ታንኳ ነበረቻት። ከነገሩ አካሄድ እንደምንረዳው ታንኳይቱ በገመድ ታስራ ከመርከቢቱ ኋላ ትጎተት ነበር። በቀርጤስ አጠገብ ብርቱ ነፋስ በተነሣ ጊዜ መርከበኞቹ ቄዳ በምትባል ትንሽ ደሴት ከለላ ገብተው ታንኳይቱን በብዙ ጭንቅ ወደ ላይ አወጧት። በአሥራ አራተኛው ሌሊት ደግሞ ከመርከቢቱ ፊት መልሕቅ የሚጥሉ መስለው አወረዷት፤ ሐሳባቸው ግን ማምለጥ ነበር። ጳውሎስ ነገሩን ለመቶ አለቃው ስለ ገለጸለት ወታደሮቹ ገመዱን ቈርጠው ታንኳይቱን ለባሕር ተዉአት። ምእመናን ይህን ታሪክ ስለ እምነት ያነቡታል፤ የባሕር ሰው ግን ሌላም ነገር ያገኝበታል። የምትጎተት ታንኳ መነሣት ያለባት ነፋሱ ገና ለስላሳ ሳለ ነው፤ ማዕበሉ ከመጣ በኋላ ያለ ጭንቅ አትነሣም። ከዚህም ሌላ በመርከቢቱ የነበሩት ነፍሳት 276 ሲሆኑ ታንኳይቱ አንዲት ብቻ ነበረች። ለጥቂቶች መሸሻ ትሆን ነበር እንጂ ለሁሉ መዳኛ ልትሆን አትችልም ነበር። ይህ ሁለተኛው ነገር ከ1,800 ዓመት በላይ ቈይቶ እንደገና ብቅ እንደሚል ወደ ታች እናያለን።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዘመናት ሁለት ልማዶች ጎን ለጎን ኖረዋል። አንደኛው ያው መጎተት ነው። ለአጭር ጉዞ እጅግ ይመቻል፤ ታንኳይቱ ዘወትር በውሃ ላይ ስለሆነች የሚፈለገው ወደ ውስጥ ገብቶ መቅዘፍ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ የመርከቢቱን ፍጥነት ትቀንሳለች፤ ባሕሩ ሲነሣ ውሃ ትሞላለች፤ ገመዱ ሲበጠስም ትጠፋለች። ሁለተኛው ልማድ በመርከቢቱ መካከል፣ በምሰሶዎቹ መሐል ባለው ወለል ላይ ማኖር ነው። በዚህ ቦታ ታንኳይቱ ከማዕበል ትጠበቃለች፤ ነገር ግን ከሸራ መስቀያ ግንዶች በተዘረጋ ገመድና በካሩኮላ ተነሥታ ከመርከቢቱ ጎን እስክትወርድ ድረስ ብዙ ሰውና ብዙ ጊዜ ትጠይቃለች። ቦታው ሲጠብ ደግሞ የባሰ ነገር ይከተላል። በ1620 ወደ ሰሜን አሜሪካ የተሻገረችው ሜይፍላወር የያዘቻት ትልቅ ታንኳ በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ እንድትገባ ተቈራርጣ ተቀምጣ ነበር። መንገደኞቹ ከየብስ በደረሱ ጊዜ ክረምቱ እየገባባቸው፣ አናጢው ያችን ታንኳ ለመጠገን 16 ወይም 17 ቀን ያህል ፈጀ። በቀዝቃዛ ባሕር ዳር ቤት ለሌለው ሕዝብ ያ ጊዜ ቀላል አልነበረም።

በ18ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ዳቪት የሚባለው መሣሪያ በመርከብ ኋላና በኋላ ጎኖች ላይ መለመድ ጀመረ። ዳቪት ማለት ከመርከቢቱ አካል ወደ ውጭ የሚዘረጉ ሁለት የእንጨት ወይም የብረት ክንዶች ናቸው። በእያንዳንዱ ክንድ ጫፍ ካሩኮላ አለ፤ ከካሩኮላው የሚወርዱት ገመዶች አንዱ የታንኳይቱን ፊት፣ ሁለተኛው ኋላዋን ይይዛሉ። ጥቂት ሰዎች ገመዱን ሲለቁት ትወርዳለች፤ ሲስቡት ትወጣለች። ጥቅሙ በይበልጥ የታየው ሰው ወደ ባሕር በወደቀ ጊዜ ነው። በሸራ የምትሄድ መርከብ እስክትቆም ድረስ ብዙ ርቀት ትሄዳለች፤ ከኋላ ያለችው ታንኳ ግን ወዲያው ልትወርድ ትችላለች። በእኔ አስተያየት በታንኳ አያያዝ ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ለውጥ የለም፤ ምክንያቱም ዝግጁነት የሚባለው ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከቦታ ጋር የተያያዘው በዚህ ነው።

ነገር ግን የመርከብ ኋላ የራሱ ጠላት አለው። ነፋሱ ከኋላ በሚነፍስበት ጊዜ ሞገዱም ከኋላ ይመጣል፤ ከፍ ያለ ሞገድ መርከቢቱን ሲደርስባት በመጀመሪያ የሚያገኘው እዚያ የተንጠለጠለችውን ታንኳ ነው። ከሥር መትቶ ሊያነሣት፣ ወይም ከላይ ወድቆ ውሃ ሊሞላትና ክንዶቹን ጭምር ሊነቅላቸው ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃ አዛዥ ሰማዩ ሲጠቁር የኋላዋን ታንኳ ወደ ውስጥ አስገብቶ ያስራት ነበር። እንግዲህ ነገሩ ተመልሶ ከቄዳ ደሴት ላይ ደረሰ ማለት ነው።

ትልልቆቹ የእንፋሎት መርከቦች በመጡ ጊዜ ዳቪቱ ወደ ጎን ተሻገረ፤ ታንኳዎቹም በዙ፤ ቢበዙም ግን አልበቁም። በሚያዝያ 1912 የሰጠመችው ታይታኒክ ከ2,200 በላይ ሰዎች ጭና የነበራት 20 ታንኳ ነው፤ የሁሉም የመያዝ አቅም ተደምሮ 1,178 ሰው ነበር። ከ1,500 በላይ ሕዝብ ማለቁ በሰፊው የታወቀ ነው። ከእኛ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው ግን ብዙም የማይነገረው የአራቱ ታንኳዎች ጉዳይ ነው። እነዚህ ጎናቸው ከሸራ የተሠራና የሚታጠፍ ነበሩ። ሁለቱ በዳቪቶቹ አጠገብ ስለ ነበሩ በጊዜው ወረዱ። ሁለቱ ግን ከመኮንኖቹ መኖሪያ ክፍል ጣራ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ከዚያ ለማውረድ የሚበቃ መሣሪያም አልተዘጋጀም። መርከበኞቹ በጨለማ ሲታገሉ ውሃው ደረሰባቸው። አንደኛዋ ተገልብጣ ተንሳፈፈች፤ በተገለበጠው ሆዷ ላይ የወጡ ሠላሳ ያህል ሰዎች ብቻ ዳኑ። ታንኳይቱ በሰነድ ላይ ተቈጥራለች፤ በመርከቢቱም ላይ ነበረች፤ የጎደለው ቦታዋ ነው።

ከትልልቆቹ መርከቦች ወደ ትንንሾቹ ጀልባዎች ስንመለስ ችግሩ መልኩን ይለውጣል፤ ምክንያቱም እዚህ የሚጎድለው ስፋት ነው። ከ1895 እስከ 1898 ዓለምን ብቻውን በሸራ ጀልባ የዞረው ካፒቴን ጆሹዋ ስሎከም፣ ርዝመቷ 11 ሜትር ያህል በሆነችው ስፕሬይ ላይ ሙሉ ታንኳ የሚያኖርበት ቦታ አጣ። ያገኘው መፍትሔ የሚያስቅም የሚያስደንቅም ነው። አንዲት የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ከሁለት ቈርጦ በተቈረጠው በኩል ሳንቃ መታባትና ግማሿን ይዞ ሄደ። ብቻውን በገመድ ሊያነሣት ይችል ነበር፤ በወለሉም ላይ ልብስ ማጠቢያና ገላ መታጠቢያ ሆና አገልግላዋለች። ይሁን እንጂ በዑራጓይ ዳርቻ ስፕሬይ በአሸዋ ላይ በተቀመጠች ጊዜ፣ መልሕቅ ጭኖ ሲወጣ ግማሿ ታንኳ ውሃ ሞልታ ተገለበጠች፤ ስሎከምም ዋና አያውቅም ነበር። ታንኳይቱን ይዞ ተንጠላጥሎ በብዙ ትግል ዳነ። ለማኖር የተመቸችው ታንኳ ለመጫን አልተመቸችም።

የስሎከምን ችግር ከሥሩ የሚፈታው ሐሳብ፣ ማለትም በሥራ ጊዜ የምትሰፋ፣ በዕረፍት ጊዜ የምትጠቀለል ታንኳ፣ አዲስ አልነበረም። በብሪታንያ ሙዚየም ያሉት የአሦር ንጉሥ የዳግማዊ አሹርናጺርፓል የድንጋይ ቅርጾች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ9ኛው መቶ ዓመት ወታደሮች በተነፋ የቆዳ ሥልቻ ወንዝ ሲሻገሩ ያሳያሉ። የጎደለው አየር የማያሳልፍና ጥርቅም ብሎ የሚሰፋ ጨርቅ ነበር። ይህንንም በ1823 ቻርልስ ማኪንቶሽ ጎማን በሁለት ጨርቆች መካከል በማጣበቅ አገኘው።

ጨርቁን ወደ ታንኳ የለወጠው ፒተር ሃልኬት የሚባል የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንን ነው። የተነሣበትም ምክንያት የሚያሳዝን ነው። በጆን ፍራንክሊን የሚመራ የሰሜን ካናዳ አሳሽ ቡድን በ1821 ሲመለስ ታንኳውን በመንገድ አጥቶ ከአንድ ወንዝ ዳር ከሳምንት በላይ ታገደ፤ ከ20ዎቹ ሰዎች 11ዱ በዚያ ጉዞ አለቁ። ሃልኬት በ1840ዎቹ የሠራት ታንኳ ሲለብሷት ካባ ናት፤ በትንሽ ወናፍ ስትነፋ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው የምትይዝ ታንኳ ትሆናለች። መቅዘፊያዋ በኪስ ይያዛል፤ ጃንጥላው ሸራ ይሆናል። የባሕር ኃይሉ መሥሪያ ቤት በ1845 ብልሃቱን አመስግኖ ለባሕር ኃይል አገልግሎት ግን የምትውል ሆና እንዳላገኛት ገለጠ። እንዲህ ያለ መልስ የደረሰው መሐንዲስ በየአገሩ ስላለ አንባቢ የሃልኬትን ስሜት ለመገመት አይቸገርም። ዶክተር ጆን ሬይ ግን በ1846 በጀመረው የአርክቲክ ጉዞ ከሃልኬት ታንኳዎች አንዷን ይዞ በሚገባ ተጠቀመባት፤ የሬይ ታንኳ ዛሬም በኦርክኒ ደሴቶች በስትሮምነስ ሙዚየም ትገኛለች።

የማኪንቶሽ ጨርቅ በሙቀት ይለጠልጥ፣ በብርድ ይደርቅ ነበር። ቻርልስ ጉድይር ጎማን ከድኝ ጋር አዋሕዶ በማሞቅ ያገኘውን ዘዴ በ1844 በአሜሪካ በስሙ ካስመዘገበ በኋላ ይህ ችግር ቀለለ። ያም ሆኖ የተነፋች ታንኳ የእውነተኛ ባሕር ታንኳ መሆኗ የታመነው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። ቀድሞ የአየር መርከብ ይሠራ የነበረው ዞዲያክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1930ዎቹ፣ ፒየር ደብሩቴል በሚባል መሐንዲሱ አማካይነት፣ ሁለት ጎኖቿ የአየር ቱቦ ሆነው ከፊት የሚገናኙ፣ ከኋላዋ ደግሞ ሞተር የሚታሰርበት ሳንቃ ያላት ታንኳ ሠራ። በ1952 አላን ቦምባር የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም እንዲህ ባለች፣ ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል ያህል በሆነች ታንኳ ጥቅምት 19 ቀን ከካናሪ ደሴቶች ተነሥቶ ታኅሣሥ 23 ቀን ባርቤዶስ ደረሰ። ስለ ባሕር ውሃ መጠጣት የተናገረው ብዙ ሐኪሞች የተቃወሙት ነው፤ በእኔም ግምት ሊከተሉት የሚገባ አይደለም። የታንኳይቱ ጽናት ግን ከዚያ ወዲያ አላከራከረም። ቦምባር «መናፍቅ» ብሎ የሰየማት ታንኳ በባሕር ሰዎች ዘንድ ሃይማኖት ሆነች ማለት ይቻላል።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የመዝናኛ ጀልባ ባለቤቶች በብዛት ወደ ተነፋችው ታንኳ ዞሩ። ቀላል ናት፤ ከጀልባይቱ ጋር ስትጋጭ ቀለም አትልጥም፤ አየሯ ሲወጣ በከረጢት ትገባለች። ይሁን እንጂ በየቀኑ መንፋትና ማስተንፈስ ያሰለቻል። ስለዚህ እንደ ተነፋች ከኋላ ማንጠልጠል ተለመደ። አንዳንዱ በሁለት ዳቪት አግድም ይሰቅላታል፤ አንዳንዱ በትንሽ ጀልባ ላይ አንደኛውን ጎኗን ከኋላው ሳንቃ ጋር በማያያዣ ይዞ በጎኗ ያቆማታል፤ አንዳንዱም በመዋኛው መድረክ ላይ ያጋድማታል።

እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ማስገባት ይጠቅማል። ርዝመቷ 2 ሜትር ተኩል የሆነች የተነፋች ታንኳ ብዙውን ጊዜ ከ30 ኪሎ ግራም ብዙ አትርቅም፤ ዳቪቱንም የሚገዛው ሰው የሚያስበው ይህንኑ ክብደት ነው። ነገር ግን የውስጥ ክፍት ቦታዋ 1.8 ሜትር ርዝመት፣ 0.7 ሜትር ስፋትና 0.3 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 378 ሊትር ውሃ ትይዛለች። ዝናብ ወይም አንድ ሞገድ ከሞላት በጀልባይቱ ኋላ አራት ኩንታል የሚጠጋ ሸክም ተሰቀለ ማለት ነው፤ ያም ሸክም ከጀልባይቱ ጋር ይወዛወዛል። የታንኳይቱ የውሃ መውጫ ቡሽ ተንጠልጥላ ሳለች ክፍት ሆኖ መቈየት አለበት የሚባለው ስለዚህ ነው፤ ወደ ውሃ ስትወርድ እንዲዘጋ የሚያስታውስ ሰውም ያስፈልጋል። ሙቀቱም የራሱ ሒሳብ አለው። በ15 ዲግሪ ማለዳ 0.25 ባር የተነፋ ቱቦ በቀትር ፀሐይ 45 ዲግሪ ቢደርስ፣ ይዘቱ ካልሰፋ ግፊቱ ወደ 0.38 ባር ይወጣል፤ ይኸውም በግማሽ ጨመረ ማለት ነው። በሙቅ አገር ወደብ ላይ የታንኳ ስፌት የሚከፈተው በአብዛኛው ተንጠልጥላ ስትውል እንጂ ስትቀዘፍ አይደለም። ፀሐይም ጨርቁን ቀስ በቀስ ይበላዋል፤ ሃይፓሎን የተባለው ሰው ሠራሽ ጎማ ለዚህ ከፕላስቲኩ ጨርቅ ይልቅ እጅግ የጸና ሆኖ ተገኝቶአል።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በ1972 የተደነገገው የመርከብ ግጭት መከላከያ ዓለም አቀፍ ደንብ የኋላው መብራት በ135 ዲግሪ ስፋት እንዲታይ ያዛል። በጎኗ የቆመች ታንኳ ይህን መብራት፣ አንዳንድ ጊዜም ከውሃ መውጫውን መሰላል ትሸፍናለች። ሌሊት ሰው ሊወድቅ፣ ሌላ መርከብም ሳያይ ሊመጣ ስለሚችል ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም።

የእነዚህ ታንኳዎች ታሪክ በአንድ በኩል አገራችንን ነክቶ ያልፋል። በ1968 መጨረሻ ወራት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1960 ክረምትና በ1961 መግቢያ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ የመጣውና በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ቡድን ዐባይን ሲወርድ፣ በላይኛው ክፍል የተጠቀመው በዌልስ ለመዝናኛ ጀልባዎች አገልጋይነት የሚሠሩትን ኤቨን የተባሉትን የተነፉ ታንኳዎች ነው። በወደብ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰው ለማመላለስ የታሰቡት ታንኳዎች በዐባይ ፏፏቴዎችና ገደሎች መካከል ተፈተኑ፤ ጉዞው የአንድ አባሉን ሕይወት ቢያስከፍልም በተነፋ ታንኳ የኃይለኛ ወንዝ ጉዞ ለሚባለው ሥራ ፈር ቀዳጅ ሆነ። የጣና ባላገር የደንገል ታንኳውን ከሥራ በኋላ ከውሃ አውጥቶ የሚያደርቅበትን ልማድ ያየ ሰው፣ ቀላል ታንኳ በውሃ ላይ ውላ ማደር እንደማይገባት ከፈረንጅ መማር አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ውቅያኖስ እንመለስ፤ ምክንያቱም አገልጋይቱ አዳኝ የሆነችበት ምስክር ያለው እዚያ ነው። ሰኔ 15 ቀን 1972 የዱጋል ሮበርትሰን ሉሴት የተባለች የሸራ ጀልባ ከጋላፓጎስ ደሴቶች በስተምዕራብ በዓሣ ነባሪዎች ተመትታ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች። ስድስቱ ሰዎች በተነፋ የነፍስ ማዳኛ መንሳፈፊያ ገቡ፤ ርዝመቷ 3 ሜትር የማይሞላ የፋይበርግላስ ታንኳቸውም አብራቸው ተረፈች። መንሳፈፊያው ከሁለት ሳምንት በላይ ከቈየ በኋላ አየር መያዝ ስላልቻለ ትተውት ስድስቱም በታንኳይቱ ተጨናንቀው ተቀመጡ። በ38ኛው ቀን የጃፓን ዓሣ አጥማጆች አነሷቸው። ያች ታንኳ ባትነሣ ኖሮ ታሪኩን የሚነግረን አይኖርም ነበር።

ዓመት ሳይሞላ መጋቢት 4 ቀን 1973 የሞሪስና የማራሊን ቤይሊ ጀልባ እንዲሁ በዓሣ ነባሪ ተሰበረች። የእነርሱ ጀልባ ለመስጠም አንድ ሰዓት ገደማ ስለ ፈጀች ባልና ሚስቱ ስንቅ ለመሰብሰብ ጊዜ አገኙ። ክብ መንሳፈፊያቸውንና የተነፋች የኤቨን ታንኳቸውን በገመድ አስተሳስረው፣ በአንዱ እየተጠለሉ በሌላዋ ዕቃ እያኖሩ፣ ከመርፌ ቁልፍ በሠሩት መንጠቆ ዓሣ እያጠመዱ፣ የባሕር ኤሊ እየበሉ ኖሩ። ሰባት ያህል መርከቦች ሳያዩዋቸው አለፉ። በመጨረሻው ወቅት ሁለቱም መንሳፈፊያዎች እየተበሱ ዘወትር መነፋት ነበረባቸው። ሰኔ 30 ቀን የኮርያ ዓሣ አጥማጅ መርከብ አገኛቸው። በባሕር ላይ 117 ቀን አልፎአቸዋል።

ከሁለቱ ታሪኮች ብዙ ሰው የተነፋችው ትሻላለች ወይስ ጠንካራዋ የሚለውን ክርክር ያወጣል። እኔ ግን የጊዜው ልዩነት የበለጠ ይታየኛል። ቤይሊዎች አንድ ሰዓት ያህል ስለ ነበራቸው ታንኳቸው የትም ብትሆን ሊያወጧት ይችሉ ነበር፤ ሮበርትሰኖች የነበራቸው ደቂቃዎች ብቻ ናቸው። በዳቪት ሁለት ካሩኮላ፣ በጎን ደግሞ አራት ማጥበቂያ ገመድ ይዘው የሚቆልፏት ታንኳ በእነዚያ ደቂቃዎች ውስጥ ትፈታለች ወይ የሚለውን እያንዳንዱ የጀልባ አዛዥ በወደብ ሳለ ሰዓት ይዞ ሊሞክረው ይገባል።

በ1960 የተደረገው የባሕር ላይ ነፍስ አድን ስምምነት የተነፉ መንሳፈፊያዎችን ለመርከቦች ከፈቀደ ወዲህ፣ ብዙዎቹ በጥብቅ ዕቃ ታሽገው፣ መርከቢቱ ብትሰጥም በጥቂት ሜትር ጥልቀት በውሃው ግፊት የሚፈታ ማያያዣ ተደርጎላቸው ይቀመጣሉ። በዚህም አዳኟና አገልጋይቱ ተለያዩ፤ ታንኳይቱም ያለ ስጋት ከኋላ መንጠልጠል የቻለች መሰለ። ነሐሴ 1979 በአየርላንድ ደቡብ በተደረገው የፋስትኔት ውድድር ግን ከ303ቱ ጀልባዎች በርካቶች በማዕበል ተመቱ፤ 15 ተወዳዳሪዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ እንደ ገለጡት ከ15ቱ ሰባቱ የሞቱት ከመንሳፈፊያዎቹ ጋር በተያያዙ አደጋዎች ነው፤ ባለቤቶቻቸው ትተዋቸው ከሄዱት 24 ጀልባዎች 19ኙ ደግሞ እየተንሳፈፉ ተገኙ። ከዚያ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ የሚሰጠው ትእዛዝ ጀልባይቱ ከእግር ሥር እስክትጠፋ ድረስ አትተዋት የሚል ነው። ታንኳይቱን በሚመለከት ደግሞ ከባሕር ዳር የሚርቁ ጠንቃቃ አዛዦች ከመነሣታቸው በፊት ከዳቪቱ ያወርዷታል፤ ሞተሯን ይፈታሉ፤ ከፊተኛው ወለል ላይ ገልብጠው ያስሯታል፤ ማሰሪያውንም አንድ ሰው በጨለማ በቢላዋ ሊደርስበት በሚችልበት በኩል ያደርጉታል።